የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ድንኳን ከመትከላችን በፊት ማንን እናስፈቅድ?

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲደርቅ ድንኳን ይዘው ከአዲስ አበባ ወጣ ለማለት የሚያስቡ አንባቢዎች ጥያቄ ይበዛል። ከደረሱን ውስጥ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ ሰብስበን፣ ብዙ ሰው የጠየቀውን ረዘም፣ የቀረውን አጠር አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው አያት ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የረር ተራራ ሥር ድንኳን ተክለን ማደር እንፈልጋለን። ስዊድን የሚኖር የአክስቴ ልጅ «እዚህ ማንም ሰው በፈለገው ጫካ ያድራል፤ መብት ነው» ይለኛል። እኛም አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ማንም ሊከለክለን አይችልም ብዬ አስባለሁ። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ የአክስትዎ ልጅ የነገረዎት እውነት ነው፤ የእርስዎ መደምደሚያ ግን አያስኬድም። ስዊድን ውስጥ ማንም ሰው በሌላ ሰው መሬት ላይ በእግሩ መዘዋወርና አንድ ሁለት ሌሊት ድንኳን ተክሎ ማደር ይችላል፤ መብቱ በሕገ መንግሥታቸው ሳይቀር ተጠቅሷል። ኖርዌይ በ1957 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ድንኳኑ ሰው ከሚኖርበት ቤት ቢያንስ 150 ሜትር እንዲርቅ፣ በአንድ ቦታ ከሁለት ሌሊት በላይ ለመቆየት ደግሞ በአብዛኛው ባለመሬቱ እንዲጠየቅ ታዛለች። ስኮትላንድ ተመሳሳይ መብት በ2003 እ.ኤ.አ. ደንግጋለች። እንግሊዝ ውስጥ ግን መብቱ ከሞላ ጎደል የለም፤ ዳርትሙር በተባለው ብሔራዊ ፓርክ እንኳ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ የጸናው በግንቦት 2017 ነው። መብቱ ባለባቸው አገሮችም ቢሆን የተዘራ ማሳና የሰው ጓሮ አይነካም።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሕግ የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል እንጂ ማንም በፈለገበት ይደር አይልም። ባለቤትነቱ የጋራ ሆኖ ሳለ መሬቱን የያዘ ሰው ወይም አካል ግን አለ። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ይዞታን የግል፣ የወልና የመንግሥት ብሎ ይለያል፤ ድንኳን ለሚተክል ሰው ዋናው ነገር ይኸው ነው። ማሳ፣ የሣር መሬትና ትንንሽ የባሕር ዛፍ ተክል ብዙውን ጊዜ የግል ይዞታ ነው፤ ገበሬው የይዞታ ደብተር አለው፤ ፈቃጁም እሱ ነው። የከብት መዋያ ሜዳ የወል ስለሆነ አንድ ሰው «እደሩ» ቢልዎ አይበቃም፤ ቀበሌውና የአካባቢው ሽማግሌዎች ማወቅ አለባቸው። ጥብቅ ደን፣ የግድብ ዙሪያና ፓርክ የመንግሥት ነው፤ ጥበቃ አለው፤ ለመግባትም ይከፈልበታል ወይም ጨርሶ አይገባበትም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ደግሞ ባለይዞታው በግልጽ «አትግባ» እያለው መሬቱ ላይ የገባ ሰው ጥፋተኛ ነው፤ ይጠየቅበታል።

የከተማው ዳርቻ ሌላም ጣጣ አለው። ከአያት፣ ከለገጣፎ፣ ከሰበታ ወይም ከቡራዩ አለፍ ሲሉ የሚያዩት ባዶ ቦታ ባለቤት የሌለው አይደለም። ካሳ የሚጠበቅበት፣ ለሊዝ የተከለለ ወይም ሁለት ሰው የሚካሰስበት ሊሆን ይችላል። የጨረቃ ቤት በአንድ ሌሊት ሲቆም ባየ ሰፈር፣ ማታ የተወጠረ ሸራ የመዝናኛ ሳይሆን የመሬት ወረራ ጅማሮ ይመስላል። ደንብ አስከባሪውም ገበሬውም በጥርጣሬ ቢመጡብዎ አይፍረዱባቸው። የታጠረ ወይም ችካል የተመታበት ቦታ አጠገብ ጨርሶ አይትከሉ። ከሩቅ ሲታይ የካምፕ ድንኳን መሆኑ የሚለይ፣ ዝቅ ያለና ደማቅ ቀለም ያለው ድንኳን ይምረጡ፤ በእንጨት ላይ ላስቲክ ወጥሮ ማደር ግን እዚህ አካባቢ ጠብ መጥራት ነው።

ሕጉ ባይኖርም ወጉ አለ። «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ የቆመን መንገደኛ «ቤት የእግዜር ነው፤ ግባ» ብሎ ማሳደር የቆየ ነው። በዚህ ወግም ቢሆን እንግዳው አስቀድሞ ደጅ ቆሞ ይጠይቃል። የረር ሥር ለማደርም መንገዱ ይኸው ነው፤ እንዴት እንደሚጠየቅ የሚቀጥለውን መልስ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ፈቃድ መጠየቅ ሲባል በተግባር ምን ማለት ነው? ወረዳ ስሄድ ወደ ቀበሌ፣ ቀበሌ ስሄድ ወደ ወረዳ እየላኩኝ ወሩ እንዳያልቅ ፈራሁ። (ከቃሊቲ)

መልስ፦ ፍርሃትዎ አግባብ ነው፤ ለዚህም ነው ከታች መጀመር የሚሻለው። ከላይ የመጣ ወረቀት ይዞ የማያውቁት ገበሬ ማሳ ላይ መድረስ ወረቀቱን ዋጋ ያሳጣዋል። መሬቱ ላይ ካለው ሰው ጋር ተስማምቶ ወደ ቢሮ መሄድ ግን ቢሮውንም ይገላግለዋል፤ «ማን ያውቃችኋል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዘው ነው የሚቀርቡት።

ከሳምንት በፊት፣ በቀን፣ ያለ ድንኳን ሄደው ቦታውን ይዩ። ሊያድሩበት ላሰቡት ቦታ በጣም የሚቀርበውን ቤት ይፈልጉና ከአጥሩ ራቅ ብለው ይጣሩ፤ ውሻ አለ። በከተማው ዙሪያ ያለው ገበሬ በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለሆነ ቋንቋውን የሚችል ጓደኛ ካለዎት ይዘው ይሂዱ። ከሌለም «አካም ጂርቱ» ብሎ መጀመር፣ አባወራውን «ኦቦ»፣ እመቤቲቱን «አዴ» ብሎ መጥራት፣ ሲለያዩ «ገለቶማ» ማለት አያቅትም። ከዚያ ጠይቁ፦ መሬቱ የማን ነው? ከብት በየት በኩል ያልፋል? ውኃ ከየት ይቀዳል? ሌሊት ውሻ ይፈታል? «የእኛ ነው» የሚል መልስ ቢያገኙም ሌላ ጎረቤት ይጠይቁ። በወንድማማቾች ድንበር መካከል ድንኳን የተከለ ሰው ሳያውቀው ምስክር ሆኖ ይጠራል።

ባለመሬቱ ከተስማማ አብሮዎት ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር እንዲመጣ ይለምኑት። ደብዳቤውን አስቀድመው ጽፈው በሦስት ቅጂ ይያዙ፤ አንዱ ለቀበሌው፣ አንዱ ለወረዳው ጸጥታ ጽሕፈት ቤት፣ ሦስተኛው ማኅተም ተመትቶበት ከእርስዎ ጋር የሚያድር ነው። ደብዳቤው ላይ የእያንዳንዱ አዳሪ ስም፣ የፋይዳ ወይም የመታወቂያ ቁጥርና ስልክ፣ የመኪናው ታርጋ፣ የድንኳኑ ብዛት፣ የሚያድሩበት ቀን ከነሌሊቱ (ለምሳሌ «ከቅዳሜ ማታ እስከ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት»)፣ የባለመሬቱ ስምና የአካባቢው መጠሪያ ይስፈር። «ለጉብኝት» ብቻ ብሎ መጻፍ አያስተማምንም፤ «ድንኳን ተክሎ ለማደር» ብለው በግልጽ ይጻፉ። ዓርብ የቢሮ የምሳ ሰዓት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለሆነ ለማክሰኞ ወይም ለረቡዕ ያስቡ።

ከየትኛው ቢሮ ነው የሚጠይቁት የሚለው ብዙዎችን ያምታታል። የአዲስ አበባን ወሰን አንድ እርምጃ ሲያልፉ ኦሮሚያ ክልል ገብተዋል፤ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን ደግሞ ከ2015 ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። በሚኖሩበት የአዲስ አበባ ወረዳ የተጻፈ ደብዳቤ ማንነትዎን ያስረዳል እንጂ እዚያ ለማደር ፈቃድ አይሆንም።

የጸጥታ ጽሕፈት ቤቱ «በዚህ ሳምንት አይሆንም» ካለ ምክንያቱን ባይነግርዎም ይቀበሉ። የከተማው ዙሪያ ሁሉም ቦታ ሁልጊዜ ሰላም አይደለም፤ በ2016 የዝቋላ ገዳም መነኮሳት መገደላቸውን ያስታውሷል። ባለፈው ዓመት ታድሮበት ነበር ማለት ዘንድሮ ይታደርበታል ማለት አይደለም።

ስለ ገንዘብ፦ ክፍያውን በዚያው በመጀመሪያው ቀን ይነጋገሩ፤ ማደሪያው ለብቻ፣ የሌሊት ጠባቂው ለብቻ። ጠባቂው የባለመሬቱ ልጅ ወይም ዘመድ ቢሆን ይመረጣል፤ አካባቢው ያውቀዋል፣ ውሻውም ያውቀዋል። የወል ሜዳ ከሆነ ገንዘቡን ለአንድ ሰው በጓሮ አይስጡ፤ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ይስጡ። ለቤቱ አንድ ኪሎ ቡናና ስኳር ይዞ መሄድ ያምራል። ለሕፃናት ብርና ከረሜላ ማደል ግን ይቅር፤ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ሰው ነው የሚቸገርበት።

በዕለቱ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ቢዘገይ 10 ሰዓት ይድረሱ። 12 ሰዓት ላይ ይጨልማል፤ በጨለማ የደረሰ እንግዳ በቀን የተስማማውን ሰው እንኳ ያስደነግጣል።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ደጅ መጥናት ሳያስፈልግ በደረሰኝ የሚታደርበት ቦታ የለም? እንጦጦስ?

መልስ፦ አለ። ለጀማሪ የምንመክረው መናገሻ ሱባን ነው። ደኑ ከከተማው በስተ ምዕራብ ወጨጫ ተራራ ላይ ነው፤ የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው። ጥዱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር የተተከለ ነው ይባላል። ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ይታያሉ፤ ነብርም አለ፤ ስለዚህ ያለ አስጎብኚ ከመንገዱ አይውጡ። የመግቢያ፣ የድንኳን፣ የመኪናና የአስጎብኚ ክፍያ ለየብቻ ሊሆን ስለሚችል በሩ ላይ ድምሩን ጠይቀው ደረሰኝ ይቀበሉ። ከሰበታ በኩል የሚወጣው መንገድ ጠጠርና ጭቃ ስላለበት ዝቅ ያለ መኪና ዝናብ በጣለ ማግስት አይሞክረው።

እንጦጦ ለቀን ነው። በ2013 የተከፈተው ፓርክ ውስጥ ማደር የሚቻለው ለማደሪያ በተዘጋጁት ቤቶችና ድንኳኖች ብቻ ነው። ከፓርኩ ውጭ ያለው የባሕር ዛፍ ጫካ ደግሞ ጥበቃና ጨለማ እንጂ ማደሪያ የለውም፤ ንጋት ሳይቀድ እንጨት ተሸካሚ እናቶች፣ ሯጮችና ወደ ጠበል የሚወጡ ምእመናን ስለሚያልፉበት እንቅልፍም አይገኝም። ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ ዳርቻ አይታደርም፤ የከተማው መጠጥ ውኃ ነው።

ጥያቄ፦ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር አጠገብ ድንኳን መትከል ነውር ነው?

መልስ፦ አስተዳዳሪውን ካስፈቀዱ ነውር የለውም፤ ሰላሙም የተሻለ ነው። ከቅጽሩ ውጭ ይትከሉ፤ ሙዚቃ፣ መጠጥና በጾም ቀን የሥጋ ጥብስ አይኑር። በክብረ በዓል ሰሞን ግን ቦታው የምእመናን ነው። ዝቋላ በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 አቦ በዓል ላይ ለሽርሽር ድንኳን መትከል የምእመናኑን ቦታ መሻማት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዛፍ መካከል እሳት አንድደን ነበር፤ በውኃ አጥፍተን ተኛን። ጠዋት ስንነሳ ሁለት ሜትር ርቆ መሬቱ ይጨስ ነበር። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ እሳቱ ወደ ሥር ገብቶ ነው። ከባሕር ዛፍ ሥር ያለው መሬት ላይ ላዩን አፈር ቢመስልም የቅጠል፣ የልጣጭና የደረቀ ሥር ንብርብር ነው። ከላይ የፈሰሰው ውኃ ፍሙን ያጠፋል፤ ከሥሩ የተቀጣጠለው ሥር ግን ያለ ነበልባል ሌሊቱን ሙሉ እየተሳበ ይሄዳል፤ ነፋስ ያገኘ ቀን ይወጣል። ቅጠሉ ዘይት ስላለው በድንገት ይነድዳል፤ የተንጠለጠለው ልጣጭ ደግሞ እየነደደ በነፋስ ተወስዶ ሌላ ቦታ ይወድቃል። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ደረቅና ነፋሻ ወቅት ባሕር ዛፍ ሥር እሳት ባይነድ ነው ምክራችን፤ ባለመሬቱ ቢፈቅድም።

ማንደድ ካለባችሁ ከዛፍ ርቃችሁ ገላጣ መሬት ላይ ይሁን። በዙሪያው ሦስት ሜትር ያህል ሣሩንና ቅጠሉን እስከ አፈሩ ጥረጉ። መሐሉን አንድ ስንዝር ቆፍራችሁ ሥር አለመኖሩን እዩ፤ ሥር ካለ ቦታ ቀይሩ። ከወንዝ የወጣ እርጥብ ድንጋይ ለጉልቻ አትጠቀሙ፤ ውስጡ ያለው ውኃ ሲፈላ ድንጋዩ ይፈነዳል። ከመለኮሳችሁ በፊት 10 ሊትር ውኃ አጠገባችሁ ይቀመጥ፤ ይህ ከመጠጡ ውጭ ነው። ስታጠፉ አፍስሱ፣ በእንጨት አማስሉ፣ እንደገና አፍስሱ፤ ከዚያ የእጃችሁን ጀርባ አስጠግታችሁ ሙቀት ካለ ድገሙት። አፈር ብቻ ማልበስ ማጥፋት አይደለም፤ ፍሙን ያቆየዋል፤ እናቶቻችን እሳት ለማሳደር አመድ የሚያለብሱት ለዚህ ነው።

እንጨቱን ከባለመሬቱ ወይም ከሰፈሩ ግዙ። በመንግሥት ደን ውስጥ ያለ ፈቃድ ዛፍ መቁረጥ በደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ያስቀጣል፤ የገበሬውን ባሕር ዛፍ መቁረጥ ደግሞ የቆጠበውን ገንዘብ መንካት ነው። የአውድማና የድርቆሽ ክምር ባለበት፣ በተለይ ሱሉልታ ሜዳ ላይ፣ ክብሪት ይዞ መጠጋት አይገባም። የአንድ ዓመት የከብት መኖ በሩብ ሰዓት ያልቃል፤ ካሳውንም የሚከፍለው ያነደደው ነው።

ለምግብ ትንሿ የካምፕ ጋዝ ምድጃ ትበቃለች። አንድ ችግር አላት፤ ጣሳው ውስጥ ያለው ንጹሕ ቡቴን ከሆነ ቅዝቃዜው ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ ነበልባሉ ይደክማል። ጣሳውን ማታ ጋቢ ውስጥ ጠቅልሎ ማሳደር ነው መፍትሔው፤ እሳት ላይ ማሞቅ ግን ያፈነዳዋል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ውኃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ባቄላና ምስር ቶሎ አይበስሉም፤ ጋዝ ይጨርሳሉ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦና ከቤት የተሠራ ወጥ ይዞ መሄድ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ኅዳር ላይ ሱሉልታ አድረን በብርድ አለቅን፤ ድንኳኑም ከውስጥ ረጥቦ አደረ። ከሰል በማንደጃ ድንኳን ውስጥ ብናስገባስ?

መልስ፦ ከሰል አታስገቡ። ከሰል ጭሱ ባይታይም ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ የተኛ ሰው አይነቃም። በዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድደው ስንቶች እንደተኙ ቀርተዋል፤ ድንኳን ከክፍል የጠበበ ነው። «ፍሙ ከቀላ ምንም አይደለም» የሚለው አባባልም ልክ አይደለም፤ የቀላ ከሰልም ያወጣል። የጋዝ ምድጃም ቢሆን ድንኳን ውስጥ አይለኮስ።

ብርዱ የመጣባችሁ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም ነው። የወፈረ ብርድ ልብስ ከላይ ደርቦ ቀጭን ምንጣፍ ላይ መተኛት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሰውነት የተጫነው ልብስ አየሩ ስለሚጨመቅ አያሞቅም። ከታች መጀመሪያ ኬሻ ወይም ካርቶን፣ ከዚያ ቢያንስ ሦስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም አንጥፉ። የመኝታ ከረጢት ስትገዙ ወይም ስትዋሱ እስከ 0 ዲግሪ በምቾት የሚያስተኛ መሆኑን ከምልክቱ ላይ አንብቡ፤ ሁለት ቁጥር ካለበት የሚያገለግላችሁ ከፍ ያለው ነው። ጋቢ ከከረጢቱ በላይ ሳይሆን ከውስጥ ይሁን። የፈላ ውኃ በጠርሙስ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በካልሲ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ እስከ እኩለ ሌሊት ያገለግላል።

የሱሉልታ ሜዳ ውርጭ ያለበት ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ከኮረብታው ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ከሜዳው 30 ወይም 40 ሜትር ከፍ ብሎ ተዳፋቱ ላይ ያለ ለጥ ያለ ቦታ በብዙ ይሻላል። የድንኳኑ እርጥበት የትንፋሻችሁ ነው፤ ብርድ ፈርታችሁ መስኮቱን ሁሉ ስለዘጋችሁት ውጭውን ሸራ ሲነካ ውኃ ሆነ። ከላይ ያለውን መተንፈሻና ከነፋሱ በተቃራኒ ያለውን በር በአራት ጣት ያህል ክፈቱ፤ ይበርዳል ብላችሁ አትፍሩ፤ ደረቅ ሆኖ መተኛት የበለጠ ያሞቃል።

መረሬ አፈር ላይ ከተከላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በበጋ ይሰነጠቅና ችካሉ ይላቀቃል፤ በዝናብ ያብጥና ይለሰልሳል። ችካሉን ከስንጥቁ ርቃችሁ፣ ወደ ድንኳኑ በተቃራኒ አጋድማችሁ ምቱት፤ ገመዱ ላይ ድንጋይ የሞላ ማዳበሪያ ከረጢት እሰሩበት። ቦረቦርና የደረቀ ጎርፍ መሄጃ ውስጥ በበጋም ቢሆን አይተከልም፤ ዝናቡ እናንተ ጋር ሳይሆን ተራራው ላይ ሊዘንብ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጅብ ድንኳን ይቀድዳል?

መልስ፦ የሚስበው ሽታ እንጂ ድንኳኑ አይደለም። ጥብሱን ከድንኳኑ 50 ሜትር ርቃችሁ ጥበሱ፤ የተረፈውን፣ አጥንቱን፣ ቅባት የነካ ፌስታሉን መኪና ውስጥ ቆልፉ። የቆዳ ጫማ ውጭ አይደር። ዚፑን ዘግታችሁ ተኙ፤ ደጅ ላይ ወይም ጭንቅላትን አውጥቶ መተኛት አይሆንም። ከመጣ አትሩጡ፤ መብራት አብሩበት፤ ጩኹ።

እኛ ከጅቡ ይልቅ የምንሰጋው ውሻውን ነው። ሌሊት የተፈታ የገበሬ ውሻ ሥራውን እየሠራ ነው። የነከሰ ወይም የቧጨረ እንደሆነ ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ አትሰፉት፤ በዚያው ቀን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወደሚሰጥበት ጤና ተቋም ሂዱ። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ መዳን የለም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ «እስቲ ውሻውን እንየው» ብሎ መጠበቅ የለም።

ጥያቄ፦ መጸዳጃ ሳይኖር ሲቀርስ? ይቅርታ፣ ግን ማንም አይናገረውም።

መልስ፦ ይቅርታ የሚያስጠይቅ አይደለም፤ የሰፈሩን ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣው ይህ ነው። ባለመሬቱ መጸዳጃ ቤት ካለው በእሱ ተጠቀሙ፤ ይህንንም በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። ከሌለ ከውኃ፣ ከመንገድና ከማሳ ቢያንስ 60 ሜትር ርቃችሁ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍሩ፤ ስትጨርሱ በዚያው አፈር ሸፍኑ። ከዚያ በላይ መቆፈር ጥቅም የለውም፤ ቆሻሻውን የሚያበሰብሰው ሕይወት ያለው የላይኛው አፈር ውስጥ ነው። ሶፍት ተቀብሮ ውሻ ያወጣዋል፤ እርጥብ መጥረጊያ፣ ሞዴስና ዳይፐር ደግሞ አይበሰብሱም፤ በድርብ ፌስታል ወደ ከተማ ይመለሱ።

ፌስታል ነፋስ ወስዶት አንድ ላም ከበላችው ሆዷ ውስጥ ይቀራል፤ ቀስ በቀስ ይገድላታል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ድንኳኑ የነበረበትን ዙሪያ በመስመር ተሰልፋችሁ ልቀሙ፤ የጠርሙስ ክዳን ሳይቀር።

ጥያቄ፦ የወንዝ ውኃ አፍልቶ መጠጣት ይበቃል?

መልስ፦ ከከተማው በላይ ካለ ንጹሕ ምንጭ ከሆነ አዎ፤ በእኛ ከፍታ መፍላት ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ውኃ አጋር የተባለውን የውኃ ማከሚያ የምትጠቀሙ ከሆነ መለኪያውን ከጠርሙሱ ላይ አንብባችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ፤ ውኃው ደፍርሶ ከሆነ አስቀድሞ በነጠላ ይጠለል። ከከተማው በታች ያለው የአቃቂ ውኃ ግን ቢፈላም አይጠጣም፤ ማፍላት ጀርም እንጂ የፋብሪካ ኬሚካል አያስወግድም። ለአንድ ሰው ለአንድ ሌሊት አምስት ሊትር ከቤት ይዞ መውጣት ከሁሉ ይቀላል።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ይዘን፣ ተስማምተን ተኝተን ሳለ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ የታጠቁ ሰዎች መጥተው «ውጡ» ቢሉንስ? (ከሰሚት)

መልስ፦ መጀመሪያ የድንኳኑን መብራት ከውስጥ አብሩ፤ «እየወጣን ነው» ብላችሁ በድምፅ አሳውቁ፤ እጃችሁ እየታየ አንድ በአንድ ውጡ። ሁሉም ሰው በአንዴ አይናገር፤ ደብዳቤውን የያዘው አንዱ ብቻ ይናገር። ማኅተም ያለበትን ቅጂ ስጡ፤ መታወቂያ ሲጠየቅ ስጡ፤ ከዚያ ባለመሬቱን በስልክ ጥሩት። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ተረኛው ሚሊሻ ሳይነገረው ስለቀረ የመጣ ነው። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ቀን ከሊቀመንበሩ ጋር የሌሊት ተረኛውን ስልክም መቀበል የሚጠቅመው። በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ አትጀምሩ፤ ድሮን ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ያለ ኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ መሆኑ ራሱን የቻለ ጉዳይ ያስከትልባችኋል፤ ቤት ይቅር።

ደብዳቤውን አይተውም «ውጡ» ካሉ አትከራከሩ። ክርክሩ ለማግስቱ ነው፤ የየትኛው ጽሕፈት ቤት ባልደረቦች እንደሆኑ በአክብሮት ጠይቃችሁ ያዙና ጠዋት ለወረዳው ንገሩ። ለዚህ ሲባል መኪናው ማታ ሲቆም አፍንጫው ወደ መውጫው ይዙር፤ ቁልፉ የት እንዳለ ሁሉም ይወቅ፤ በአቅራቢያው ከተማ ሌሊት የሚከፍት ፔንሲዮን ስልክ ተይዞ ይደር። ለባለመሬቱ የተስማማችሁበትን ገንዘብ ባታድሩም ክፈሉት፤ እሱ ቃሉን አላጠፈም። ድንኳኑ ረጥቦ ቢሆንም እንዳለ ጠቅልላችሁ ጫኑት፤ ቤት እንደገባችሁ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ እርጥቡን ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ይሻግታል።